የጁፒተር ጠርዝ አያበራም፦ በጋዝ ፕላኔቶችና በጨረቃዎቻቸው ሬንደር ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ቀን የሠርግ ካርድና ባነር ሲሠሩ ውለው ማታ ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ከፍተው የፕላኔት ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተር አስልቶ የሚያወጣው ምስል፣ የሚሠሩ ወጣቶች አውቃለሁ። ሥራቸውን በፍላሽ ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ብቻ በሰማያዊ ብርሃን የተከበቡ ሦስት ጁፒተሮች ስለቀረቡልኝ፣ በቃል ስደጋግመው የኖርኩትን ነገር በጽሑፍ ማስፈር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያው በሰማያዊው ብርሃን ልጀምር። ምክንያቱን ስጠይቅ ሁልጊዜ የማገኘው መልስ «ከባቢ አየር ስላለው ነው» የሚል ነው። ከባቢ አየር በእርግጥ አለው፤ እንዲያውም በጁፒተር ላይ የምናየው ሁሉ ከባቢ አየርና ደመና ነው። ነገር ግን እስቲ ስሌቱን እንሥራው። ጁፒተር በወገቡ በኩል 142,984 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በምስላችሁ ላይ 2,000 ፒክስል እንዲሞላ ካደረጋችሁት አንዱ ፒክስል 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በላይኛው የጁፒተር አየር ውስጥ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ባልን ቁጥር ግፊቱ ከሲሶ ብዙም ወደማይበልጥ መጠን ስለሚወርድ፣ ከደመናው በላይ የሚታየው ጭጋግ ሁሉ ቢደመር ጥቂት ፒክስሎችን እንጂ ከዚያ በላይ አይይዝም። በፕላኔቱ ዙሪያ 40 ፒክስል ውፍረት ያለው ብርሃን የጨመረ ሰው እንግዲህ 2,900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሚያበራ አየር ፈጥሯል ማለት ነው፤ ይህም ከጁፒተር ጨረቃ ከዩሮፓ ስፋት፣ ማለትም ከ3,122 ኪሎ ሜትር፣ ብዙም አያንስም። አንድ ሙሉ ጨረቃ ሊዋኝበት የሚችል ጭጋግ በጁፒተር ዙሪያ የለም።

የባሰው ስህተት ደግሞ አቅጣጫው መገልበጡ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስታበራበት ጁፒተር ከመሐሉ ወደ ጠርዙ እየፈዘዘ ይሄዳል እንጂ እየደመቀ አይሄድም፤ በጠርዙ በኩል ብርሃኑ አግድም ገብቶ አግድም ስለሚወጣ በላይኛው ስስ ጭጋግ ውስጥ ይቀራል፣ ከሥር ወዳለው ደማቅ ደመናም በሚገባ አይደርስም። ስለዚህ ጠርዙን ለማብራት የምትጠቀሙበትን የፍሬስኔል ኖድ (ገጹ ወደ ዳር ሲያዘነብል ብርሃኑን የሚለውጠውን የብሌንደር መሣሪያ) ገልብጡትና ቀለሙን ወደ ዳር እንዲያጨልም አድርጉት፤ ምስሉ በአንድ ጊዜ ከተቀባ ኳስነት ይወጣል። ይህንኑ ዘዴ በድንጋያማ ጨረቃዎች ላይ ግን አትድገሙት። ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ሙሉ ጨረቃን ብትመለከቱ ጠርዟ ከመሐሏ እምብዛም እንደማይጨልም ታያላችሁ፤ አቧራማና ሸካራ ገጽ የፀሐይን ብርሃን የሚመልሰው ከደመና በተለየ መንገድ ነው። ቀጭን የብርሃን ቅስት በፕላኔቱ ጠርዝ ላይ የሚፈቀደው ፀሐይ ከፕላኔቱ ኋላ ስትሆን ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ክር የምታህል ልትሆን ይገባል።

ፕላኔቱን ፍጹም ክብ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው፤ በዚህኛው ግን ማንንም ለመቆጣት ድፍረቱ የለኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን ሦስት ሜትር የሚረዝም የሳተርን ባነር ሠርቼ፣ በግቢው አጥር ላይ ተሰቅሎ በኩራት ስመለከተው አንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ቀለበቱ ጥላ የለውም እንዴ?» አለኝ። አልነበረውም። ቀለበቱ በፕላኔቱ ላይ ጥላ አልጣለም፣ ፕላኔቱም በቀለበቱ ላይ አልጣለም፤ በዚያ ላይ ሳተርኑ እንደ ብርቱካን ድቡልቡል ነበር። ሳተርን ከ11 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በራሱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ስለሚዞር ወገቡ ይለጠጣል፦ ከመሐሉ እስከ ወገቡ 60,268 ኪሎ ሜትር ሲሆን እስከ ዋልታው ግን 54,364 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በብሌንደር ውስጥ ቁመቱን በ0.902 ማባዛት ይበቃል፤ ለጁፒተር ደግሞ 0.935 ነው። ለልጁ ስለ ብርሃን አንድ የተድበሰበሰ ነገር ነግሬው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ባነሩ ግን ክረምቱ እስኪያነሳው ድረስ እዚያው ተሰቅሎ ከረመ።

ከፎቶ ቤት ሥራ ወደዚህ የመጡ ልጆች ከፊት አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ከኋላ አንድ መብራት የመትከል ልማዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለሙሽራ ፊት ይህ ተገቢ ነው፤ ለጁፒተር ግን ያለችው አንዲት ፀሐይ ብቻ ናት። ብዙዎች የሚረሱት ነገር ደግሞ ብሌንደር አዲስ ፋይል ሲከፍት የዳራውን ቀለም ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ግራጫ አድርጎ መስጠቱን ነው፤ ይህ ግራጫ የሌሊቱን ወገን በስውር ያበራዋልና ወደ ፍጹም ጥቁር አውርዱት። የፀሐይ መብራቱም ከምድር እንደምትታየው ፀሐይ 0.526 ዲግሪ ስፋት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከጁፒተር ስትታይ ግን ፀሐይ 0.1 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነች የጥላው ዳር ይበልጥ የተሳለ መሆን አለበት። ወደ ጁፒተር የሚደርሰው ብርሃን ወደ እኛ ከሚደርሰው 27 ጊዜ ያህል፣ ወደ ሳተርን የሚደርሰው 90 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ይህን ሰምተው ምስሉን የሚያጨልሙ ግን ካሜራ ብርሃን ሲያንስ ሌንሱን ለረዘመ ጊዜ ከፍቶ እንደሚያነሳ ዘንግተዋል። የጨረቃዎቹ ብሩህ ወገን ከፕላኔቱ ብሩህ ወገን ጋር አንድ አቅጣጫ ሊይዝ ይገባል፤ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፣ ለካስ ያስፈልጋል።

የሚፈቀደው ሁለተኛ ብርሃን ከፕላኔቱ የሚመለሰው ነው። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው አዮ ከፕላኔቱ መሐል 421,700 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ፣ በእሷ ላይ የቆመ ሰው ጁፒተርን 19 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ስፋት ይዞ ያየዋል፤ ይህም እኛ ጨረቃን ከምናይበት ስፋት 38 እጥፍ ገደማ ነው። የአዮ ሌሊት በዚህ ብርሃን ፈዘዝ ብሎ ቢታይ እውነት ነው፣ ሳይክልስም (ብርሃኑን አስልቶ ምስሉን የሚያወጣው የብሌንደር ክፍል) ሁለቱን አካላት በትክክለኛ መጠንና ርቀት ካስቀመጣችኋቸው ራሱ ያሰላዋል።

ጋኒሜድ ከጨረቃዎች ሁሉ ትልቋ ሆና 5,268 ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ስላላት፣ ከጁፒተር ጎን ስትቀመጥ 27 ያህሏ ተደርድረው ነው የፕላኔቱን ወገብ የሚሞሉት። ጎልታ እንድትታይ ከፈለጋችሁ ካሜራውን ወደ እሷ አስጠጉ እንጂ እሷን አታሳብጡ። ኋላ ያለውን ነገር የሚያደበዝዝ የሌንስ ትኩረትም አትጠቀሙ፤ ፕላኔቱን ብይ ያስመስለዋል።

በጨረቃዎች ገጽ ላይ የሚሠሩ ምስሎች የራሳቸው ችግር አላቸው። ከባሕር ዳር ዳርቻ ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ስንመለከት ዛፎቹ ይደበዝዛሉ፣ ከዚያ ርቆ ያለው ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ይሄዳል፤ ዓይናችን ርቀትን የለመደው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በጁፒተር ጨረቃ በካሊስቶ ተራሮች ላይ ይህንኑ የጣና ጭጋግ በጥንቃቄ ሠርቶ አመጣልኝ፤ ሥራው ያማረ ነበር፣ ካሊስቶ ላይ ግን ያን ያህል አየር የለም። ሩቁ ተራራ እንደ ቅርቡ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፣ ርቀቱም የሚታወቀው በመጠኑና በአድማሱ መጉበጥ ብቻ ነው። ጭጋግ የምትወዱ ከሆነ የሳተርን ጨረቃ ታይታን አለችላችሁ፤ እሷ በብርቱካናማ ጭጋግ ተሸፍና ገጿ ከውጭ አይታይም። ተራሮቹንም አታጋንኑ፦ የአዮ ከፍተኛ ተራራ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከጨረቃዋ ስፋት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ቀለምን በተመለከተ ከጁኖ መንኩራኩር ካሜራ የወጡትን ደማቅ ምስሎች እንደ ዋቢ የሚወስዱ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የደመናውን ዝርዝር ለማጉላት ንፅፅራቸው ሆን ተብሎ የተጨመረ መሆኑን ይወቁ፤ በዓይን ቢታይ ጁፒተር የነጣ፣ የክሬምና ፈዛዛ ቡናማ መልክ ያለው ነው። እኔም ኔፕቱንን ለዓመታት እንደ ቀለም ብዕር ሰማያዊ አድርጌ ስሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ግን የቮዬጀር 2 መንኩራኩር የ1989 ምስሎች ሰማያዊነታቸው እንደተጋነነና ኔፕቱን ከዩራነስ ጋር ተቀራራቢ የሆነ ፈዛዛ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ እንደሆነ አሳይቷል፤ የድሮ ሥራዎቼን በሙሉ ከማሳያዬ አወረድኩ።

የጁፒተር ግዙፍ ማዕበል የሆነው ታላቁ ቀይ ቦታ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው ያለው፤ ቴክስቸሩን (በኳሱ ላይ የሚለጠፈውን ምስል) ገልብጣችሁ እንዳትለጥፉት። ከዋክብትንም አትዝሩ፣ ለፕላኔቱ የተስተካከለ ካሜራ አይይዛቸውምና።

የመጨረሻው ስህተት ከፕላኔት ጋር ባይገናኝም በእኛ ከተማ ውድ ነው። ጁፒተር አንድ ዙር ለመዞር 10 ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ እኔ ግን ዙሩን በ240 ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩን 14 ሰዓት አስሮጬ፣ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል እየጻፍኩ ሳለ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ፋይሉ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። እያንዳንዱን ፍሬም በተናጠል የፒኤንጂ ምስል አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ነባር ፋይል ላይ ደግሞ እንዳይጽፍ ምርጫውን አጥፉት፤ መብራት ሲመለስ ሬንደሩን እንደገና ስታስጀምሩት የተሠሩትን ዘልሎ ካቆመበት ይቀጥላል።