አቮካዶ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን
ቢሾፍቱ ጥቁር መረሬ (ሸክላማ) አፈር ላይ ያለው ግራፍት የተደረገ (በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀ) ሃስ የሚባል ዝርያ አቮካዶዬ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከጫፍ ይደርቅ ጀመር፣ አፈሩ እርጥብ ነው ዛፉ ግን ውሃ የጠማው ይመስላል። ዩሪያ ሰጠሁት ምንም ለውጥ የለም፣ ውሃ ጨመርኩ ባሰበት፣ ፀረ ተባይም ረጨሁ ያው ነው።

በኋላ ከግንዱ ራቅ ብዬ ቆፈር ሳደርግ ቀጫጭኖቹ ስሮች ጠቁረዋል፣ በጣት ሲነኩ ልጣጫቸው ይሞለጫል። ይሄ ፋይቶፍቶራ የሚባል አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ መሰል ተዋህሲ የሚያመጣው የስር መበስበስ ነው፣ ውሃ የሚቋጥር አፈር ይመቸዋል።

ውሃ ማጠጣት አቆምኩ፣ ዙሪያውን ቦይ ቀድጄ ውሃው ወደ ታች እንዲወርድ አደረኩ፣ ገለባም ጎዘጎዝኩ ግን ግንዱን ሳይነካ (ይሄ ወሳኝ ነው፣ ከነካ ግንዱም ይበሰብሳል)። አሁን አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው። እንዲህ አይነት አፈር ላይ አዲስ የምትተክሉ ከመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉት፣ ጉድጓድ ውስጥ አትቅበሩት በናታችሁ።