በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ስትጀምሩ የሚያስቸግሯችሁ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከጉልበት በታች እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን አሠለጥናለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ መቼ እንደሚራመዱ ነው። ጉዳዩ ግን ገና አልጋ ላይ እያሉ ይበላሻል።

ትራሱን አውጡት! ቤተሰብ አዝኖ ከጉልበት ሥር ትራስ ይደግፋል፤ እግሩ እንዲያርፍ ብሎ ነው። ጉልበቱ ታጥፎ ሲውልና ሲያድር ከኋላው ያለው ጅማት ያጥራል። ከሳምንታት በኋላ ዘርጋ ሲባል አልዘረጋም ይላል። እንዲህ ያለ ጉልበት ላይ እግር መግጠም ከባድ ነው፤ ቢገጠምም ማነከስ አለ። አንዲት እናት "ያውጡት እንጂ" ስላቸው "አንተ ምን አለብህ፣ የሚያመው እሱን!" አሉኝ። አወጣሁት። ዞር ስል መልሰውታል። ዊልቸር ላይ እግርን አንጠልጥሎ መዋልም ያው ነው።

የተቆረጠው እግር ላይ የሚታሰረው ፋሻ እንደ ቀለበት ዙሪያውን አይጠመጠምም፤ ደም ያግዳል። በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይደረግ።

ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በመጀመሪያው ዓመት እየቀጠነ ይሄዳል። ጠዋት ልክ የነበረው ሶኬት፣ ማለትም የቀረው ክፍል የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ቀፎ፣ ከሰዓት ሊሰፋ ይችላል። ይሄኔ ጨርቅ የሚጠቀጥቁበት አሉ። ጨርቁ አንድ ቦታ ተጭኖ ያቆስላል። በዚያ ፈንታ የቀረው ክፍል ላይ ካልሲ ደርቡ፤ ትርፍ ካልሲም ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ሰው ሠራሹን እግር ስታወልቁ ቆዳችሁ ቢቀላ አትደንግጡ። ቅላቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ግን መልሳችሁ አታድርጉት፤ የሠራላችሁን ባለሙያ አሳዩ። ስኳር ያለባችሁ ቁስሉ ላይሰማችሁ ስለሚችል ማታ ማታ በመስታወት እዩ።

አንዱ ጎረምሳ እግሩን በተረከበ ማግስት ከጓደኞቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ ድረስ በኮብልስቶኑ ላይ ሄደ። ወኔውን ወደድኩለት። ቆዳው ግን ተልጦ ስለነበር እስኪድን ሰው ሠራሹ እግር ጥግ ተቀመጠ። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ አድርጉት፣ አውልቁ፣ ቆዳውን እዩ፣ ከዚያ ጨምሩ።

ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ደረጃ ስትወጡ ደህናው፣ ስትወርዱ ሰው ሠራሹ ይቅደም።

ሰው ሠራሹ እግር የተስተካከለው በምትጫሙት ጫማ ተረከዝ ልክ ነው። ለበዓል ተረከዙ ከፍ ያለ ከገዛችሁ ጉልበታችሁን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ። ጫማ ስትቀይሩ ቁመቱን አመሳስሉ።

ሌሊት ለሽንት ስትነሱ የተቆረጠው እግር ያለ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ያኔ ነው። ክራንቹ በር ጋ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን።