«ስፓይደርማን 2»ን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ስፓይደርማን 2» እ.ኤ.አ. በሰኔ 2004 መጨረሻ ለእይታ ከበቃ ወዲህ የልዕለ ጀግና ፊልም እንደ አሸን ፈልቷል። አብዛኛውን አይቻለሁ። መልሼ መላልሼ የማየው ግን ይህንን ነው፤ ስለ እሱ ክርክር በተነሳ ቁጥርም ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። የሚወዱትም የሚነቅፉትም ሰዎች ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ሚዛን ሲመዝኑት እሰማለሁ። ደጋግመው ጆሮዬ የገቡትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

በገቢው መመዘን

«ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ገንዘብ ነው ያስገባው» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው። የ2002ቱ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ820 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ሁለተኛው ከ780 ሚሊዮን ብዙም አላለፈም። ይሁንና ሕዝቡ ለመጀመሪያው የተሰለፈው በሥዕል መጽሔት ያደገበትን ገጸ ባሕርይ ሥጋና ደም ለብሶ ለማየት ጓጉቶ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ያ ጉጉት ረግቦ፣ ፊልሙ በራሱ አቅም መቆም ነበረበት። ታዋቂው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት በመጀመሪያው ክፍል ብዙም አልተደሰተም ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ሙሉ አራት ኮከብ ሰጥቶ፣ ከ1978ቱ «ሱፐርማን» ወዲህ የተሠራ ምርጥ የልዕለ ጀግና ፊልም ብሎታል።

የኃይሉን መጥፋት እንደ ታሪክ ክፍተት መቁጠር

ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለውን፣ ድር እየወረወረ ከፎቅ ፎቅ የሚዘልለውን ወጣት በተመለከተ «ፒተር ፓርከር ኃይሉን ያጣው ለምንድን ነው? ፊልሙ አላስረዳም» የሚል ወቀሳ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! መርዝ አልጠጣም፤ ጠላት መርፌ አልወጋውም፤ ሳይንሳዊ ማብራሪያም የለም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የረሱት ይመስላቸዋል።

ፊልሙ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚነግረን ግን ይህንኑ ነው። ፒተር ፒዛ ያደርሳል። በመንገዱ ላይ ሁለት ሕፃናትን ከመኪና ፊት ነጥቆ ያድናል፤ በዚህ መዘግየቱ ከሥራ ያስባርረዋል። የቤት ኪራይ አልከፈለም፤ ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። የሚወዳት ሜሪ ጄን የምትተውንበት ቲያትር ቤት ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ድሩ ከእጁ የሚነጥፈው ከዚህ በኋላ ነው። ቆይቶ መታጨቷ በሰው ፊት ሲነገርም እንደገና ይነጥፍበትና ከፎቆች መካከል ይወድቃል። ዓይኑ ደክሞ የድሮ መነጽሩን ያጠልቃል። ሰውነቱ ልቡን ተከትሎ ሥራ አቆመ ማለት ነው። በሐዘን እግሩ የከዳውን፣ በጭንቀት ድምፁ የተዘጋውን ሰው የሚያውቅ ተመልካች የላብራቶሪ ውጤት አይጠይቅም።

ፒተር የስፓይደርማን ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ በጠባቡ መንገድ የሚሄድበት ትዕይንትም እ.ኤ.አ. በ1967 ከታተመው የሥዕል መጽሔቱ 50ኛ ዕትም የተወሰደ ነው። ፊልሙ የጨመረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ፒተር ያለ ኃይሉ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ገብቶ አንዲት ሕፃን ያወጣል፤ ወዲያው አራተኛው ፎቅ ላይ ሌላ ሰው እንደቀረ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ፒተርን የሚተውነውን የቶቢ ማግዋየርን ፊት ተመልከቱ። ጀግንነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ መተውም ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ላይ ይታይበታል።

ጸጥ ያሉትን ትዕይንቶች መዝለል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ፊልሙን የሚያውቁት በተቆራረጡ የድብድብ ቪዲዮዎች ነው፤ ሙሉውን የሚከፍቱትም ፒተርን ያሳደጉት አክስቱ ሜይ ብቅ ሲሉ ወደ ፊት ያሳልፋሉ።

የሚያሳልፉትን ልንገራችሁ። ለፒተር ልደት ሜይ ሃያ ዶላር ያወጡለታል። ቤታቸው በዕዳ ሊወሰድባቸው እንደሆነ የሚያውቀው ፒተር አልቀበልም ይላል። ሴትዮዋ ድንገት ይቆጣሉ፤ «ትንሽ ነች፣ ያዛት!» ብለው ጮኸው ያለቅሳሉ። ያጡ ዘመዶቹ ያላቸውን በግድ እጁ ውስጥ ጨምረውለት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። ለእኔ ከማንኛውም የፎቅ ላይ ግብግብ ይበልጣል።

ሌላው ከሜይ ባል ከአጎት ቤን መቃብር ሲመለሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነው። ሜይ የባላቸውን ሞት በራሳቸው ስህተት ያሳብባሉ፤ ፒተር ከዚህ በላይ መደበቅ አይችልም። ሌባውን ማስቆም እየቻለ እንዳሳለፈው፣ ያው ሌባ አጎቱን እንደገደለ ይናዘዛል። ሜይ እጃቸውን ይይዝ ከነበረው እጁ ቀስ ብለው ይስባሉ። ይነሳሉ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ደረጃውን ይወጣሉ። በቃ። ሜይን የሚተውኑት ሮዝመሪ ሃሪስ በዚህ ዝምታ የሠሩትን በንግግር መሥራት የሚቻል አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ለእኛ ተመልካቾች የተለየ ጥንቃቄ አለ። ፊልሙን በአማርኛ ትርጉም፣ ተራኪው ከላይ እየተናገረ ካያችሁት፣ ይህ ዝምታ በማብራሪያ ተሸፍኖባችሁ ሊሆን ይችላል። የትርጉም ሥራውን አልንቅም፤ ስንት ሰው ከፊልም ጋር የተዋወቀው በእሱ ነው። ይህን ትዕይንት ግን አንድ ጊዜ በዋናው ድምፅ እዩት።

ሁሉንም ለኮምፒውተር መስጠት

«የድሮ ኮምፒውተር ሥራ ነው፣ ዛሬ ያስቃል» የሚሉም አሉ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2005 በምስል ኢፌክት ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል፤ አንዳንዱ ምስል ማርጀቱንም አልክድም። ይሁን እንጂ የፒተር ባላጋራ የሆነው የሳይንቲስቱ የዶክተር ኦክታቪየስ አራት የብረት ክንዶች በብዙ ትዕይንቶች በእውን የተሠሩ ናቸው። እሱን በሚተውነው በአልፍሬድ ሞሊና ላይ ታጥቀው፣ ከካሜራው ውጭ የቆሙ ባለሙያዎች እንደ አሻንጉሊት ያንቀሳቅሷቸው ነበር። ክንዶቹ መነጽር ሲያነሱለት፣ ትከሻው ላይ ሆነው ሲያንሾካሹኩ ሕይወት ያላቸው የሚመስሉት ለዚህ ነው።

የባቡሩን ትዕይንት «ማንሃተን ውስጥ እንዲህ ያለ በአየር ላይ የሚሄድ ባቡር የለም» ብለው የሚተቹም አጋጥመውኛል። ልክ ናቸው፤ ባቡሩ የተቀረጸው ቺካጎ ነው። ግን በዚህ ተጠምደው ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል። ፒተር ግራና ቀኝ ካሉት ሕንጻዎች ድር ወጥሮ፣ ልብሱ እስኪቀደድ ጎትቶ ባቡሩን ያቆምና ራሱን ይስታል። ተሳፋሪዎቹ ተቀብለው፣ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ወለሉ ላይ ያስተኙታል። ጭምብል የለውም። አንዱ ሰውዬ ገና ልጅ መሆኑን፣ ከራሱ ልጅ እንደማይበልጥ ይናገራል። ሁለት ብላቴኖች ጭምብሉን መልሰው ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ይገቡለታል። ሲያገለግለው የኖረው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አይቶ ገመናውን ሸሸገለት። ባቡሩ ቺካጎ ሄደ ኒውዮርክ፣ ይህንን አይለውጠውም።

ኦክታቪየስን እንደ ተራ ክፉ ሰው ማየት

ይህ አጭር ነው። ኦክታቪየስ ሚስቱን የሚወድ፣ ፒተርን እንደ ልጁ ገበታ ላይ አስቀምጦ ስለ ፍቅርና ስለ ግጥም የሚያወራ ሊቅ ነው። ሁሉንም ያጣው የፈጠረውን የኃይል ማመንጫ ማሽን በጊዜ ለማቆም እምቢ ብሎ ነው። ፒተር ሕልሙን መተው ሲማር እሱ ሕልሙን መተው አቃተው፤ በመጨረሻ ግን ማሽኑን ይዞ ወንዝ ውስጥ ሲሰምጥ እሱም ተማረ። ክንዶቹ ሐኪሞቹን የሚፈጁበት የሆስፒታሉ ትዕይንት እንዲያ የሚያስፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳይሬክተሩ ሳም ሬይሚ ስሙን የተከለው በአስፈሪ ፊልሞች ነው።

መጨረሻውን እንደ ሠርግ መውሰድ

ሜሪ ጄን የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ሌላውን ሙሽራ ትታ ወደ ፒተር ክፍል ትሮጣለች። ይሳሳማሉ። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ «ተገናኙ፣ አለቀ» ብሎ ይነሳል። አትነሱ። ከመንገድ የፖሊስ ጩኸት ይሰማል፤ ፒተር ያያታል፤ ሂድ ትለዋለች። በፎቆቹ መካከል እየተወረወረ ሲሄድ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ፊልሙን እዚያው ይዘጋው ነበር። ሬይሚ ግን ካሜራውን ወደ መስኮቱ ይመልሳል። ሜሪ ጄን ቆማ ታየዋለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ በቀስ ይከስማል። ፒተር ለሁለት ዓመት ብቻውን የከፈለውን አሁን እሷም መክፈል ጀምራለች።