ጎርባጣ ወለል ላይ የገባ ላሚኔት፦ ችግሩና መፍትሄው

ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ሲጢጥ ይላል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ላይ በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ላሚኔቱ (እየተጋጠመ የሚነጠፈው እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ) ከገባ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ባለቤቶቹ ዕቃውን ይረግማሉ። ጥፋቱ ግን ከስር ያለው ሊሾ ነው።

2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ አልሙኒየም ወለሉ ላይ አጋድማችሁ በየአቅጣጫው አዙሩት። ከስሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካያችሁ ላሚኔት አታንጥፉ። ወለሉ በአንድ ወጥ ወደ ጎን ቢያዘነብል ብዙም አይጎዳም። ላሚኔት የሚገድለው ጉድጓድና ጉብታ ነው።

ፒያሳ አንድ የድሮ ቤት ሳሎን መስኮቱ ስር ያለውን ስነቅል ከላሚኔቱ ስር የሚነጠፈው ስስ ፎም ሦስት ድርብ ነበር። ከፎሙ ስር ደግሞ የቴሌቪዥን ካርቶን ተቆርጦ ገብቷል። የላሚኔቱ ወንዴ (ጎኑ ካለው ላሚኔት ጋር የሚጋጠመው ምላስ) ከዳር እስከ ዳር ተሰብሯል። ቤተሰቡ ለአንድ ክፍል ሁለቴ ከፈለ። በጣም ነው የሚያናድደው።

ፎም ድምፅ ያፍናል እንጂ ጉድጓድ አይሞላም። ሲደረብ እግር ባረፈበት ቁጥር ይሰምጣል፤ መጋጠሚያውንም ይዞት ይወርዳል። እባካችሁ ፎም አትደርቡ! «12 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሚኔት ከገዛን ይችለዋል» የሚላችሁንም አትስሙ። እሱም ጊዜውን ጠብቆ ይሰበራል።

መፍትሄው ላሚኔቱን አንስቶ ጉብታውን መፍጨት፣ አቧራውን ጠርጎ ፕራይመር (ሙሌቱ ከወለሉ ጋር እንዲጣበቅ የሚያደርግ ቅብ) መቀባት፣ ከዚያ ጉድጓዱን በሰልፍ ሌቭሊንግ (ሲፈስ ራሱን አስተካክሎ በሚደርቅ የወለል ሙሌት) መሙላት ነው። ተራ ሲሚንቶና አሸዋ በስሱ አትለቅልቁበት፤ ተሰነጣጥቆ ይላቀቃል።

ጉድጓዱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ከሆነ ላሚኔቱን እርሱት። ሞራሌ (ጣውላው የሚመታበት አራት ማዕዘን እንጨት) ደርድሩ፣ ከስሩ ሽብልቅ እያስገባችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ላዩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ምቱ። ለአሮጌ ቤት እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። ሽብልቁ እንዳይንሸራተት እሰሩት። ጣውላው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ገብቶ ሲጣመም አይቻለሁ። ወለሉ ከፍ ስለሚል በሩ መከፈቱን አስቀድማችሁ ለኩ።

ከስር ያለው የድሮ ጣውላ ከሆነ

የላላውን በብሎን እሰሩ፣ የተነሳውን ላጉ። ምስጥ የበላውን ግን በላሚኔት አትሸፍኑ።

መሃሉ እንደ ድንኳን ተነሳ

ግድግዳው ድረስ ተጠግቷል ማለት ነው። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ቁረጡለት፤ ዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ የሚመታው ጠርዝ) ይሸፍነዋል።

ጠርዞቹ አበጡ

ውሃ ነው። አንዳንዴ ከላይ ነው፦ እርጥብ መወልወያ፣ ወይም ለበዓል ተጎዝጉዞ ያደረ እርጥብ ቄጠማ። ያበጠው ተመልሶ አይሟሽሽም፣ ይቀየራል። ከስር ከሆነ ግን ሊሾው ራሱ እርጥብ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ላስቲክ አንጥፉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ላብ ካወጣ የእርጥበቱን ምንጭ ሳታገኙ ምንም አታንጥፉ። ሙከራውን በክረምት አድርጉት፤ በየካቲት ደረቅ የነበረ ወለል በነሐሴ ሲያልብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።