የክርስቲያኖችን አንድነት ሳናስበው የምናፈርስባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ የመካነ ኢየሱሱ፣ የቃለ ሕይወቱና የሙሉ ወንጌሉ አማኝ በአንድ እድር ይሰባሰባል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ይኖራል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ ሲለምን ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ዓለም ያምን ዘንድ ነው። ስለዚህ የእኛ ጠብ የእኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጎረቤት ያየዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከአስተምህሮ ልዩነት የመጡ አይደሉም። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ቅሬታን የጸሎት ርዕስ ማድረግ። «እገሌን በጸሎት አስቡት፣ ሰሞኑን ደክሟል» ይባላል። ሰውየው ራሱ ሳይሰማ ወሬው የቤት ለቤት ኅብረቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ማቴዎስ 18 ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን»፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን መንገር። እኛ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ይህ ግን በደልን ለመሸፈን አይደለም። ገንዘብ ሲመዘበር ወይም ሰው ሲጎዳ «ለአንድነት ሲባል ዝም እንበል» የሚል ሽማግሌ የተጎዳውን ሁለተኛ ጊዜ ይበድለዋል።

የቋንቋ ጥያቄን እንደ ክፍፍል መቁጠር። በሐዋሳ ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። አማርኛ ስብከት በቅጡ የማይገባቸው የሲዳማ እናት ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ይሄዳሉ። ልጃቸው በሲዳምኛ ፕሮግራም ይኑር ብሎ ሲጠይቅ «ዘር አታምጣብን» የሚል መልስ ያገኛል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ አይሁድ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተዘነጉብን ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ አመፅ አላዩትም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን እንመልከት፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ማዕዱን ይመሩ ዘንድ የተሾሙት ከቅር ከተሰኘው ወገን የመጡ ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርትም ቁጥር እየበዛ ሄደ ይላል። ስለዚህ ለሲዳምኛ ወይም ለወላይትኛ ተናጋሪው ሰዓት መስጠት ብቻ አይበቃም፤ በሽማግሌዎች ጉባኤና በገንዘብ ኮሚቴው ውስጥም ቦታ ይኑረው። በቋንቋ የተለዩት ፕሮግራሞችም የጌታን እራት አብረው የሚወስዱበትን ቀን አስቀድመው ይቁረጡ፤ ካልሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት የማይተዋወቁ ጉባኤዎች ይኖራሉ።

አገልጋይን የቡድን ስም ማድረግ። «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» የሚለው የቆሮንቶስ በሽታ ዛሬ በፌስቡክ ገጽና በዘማሪ ስም ይታያል። ጳውሎስ የራሱን ስም የያዘውን ቡድን እንኳ አላመሰገነም፤ «ክርስቶስ ተከፍሎአልን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ።

የተቆጣን ምእመን ያለ ጥያቄ መቀበል። አንድ ሰው ከነበረበት አጥቢያ ተጣልቶ ሲመጣ በማግሥቱ እሑድ መዘምራን ውስጥ ማቆም ለእርሱም ለሁለቱ አጥቢያዎችም ጉዳት ነው። መሸኛ መጠየቅ ጥርጣሬ አይደለም። ለቀድሞ ሽማግሌዎቹ ስልክ ደውሎ «ይህ ወንድም እኛ ጋ መጥቷል፣ ያልተፈታ ነገር አለ ወይ?» ማለት ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ልዩነት የለም ብሎ ማስመሰል። እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ወንጌላዊ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው። በቅዱሳን አማላጅነትና በሕፃናት ጥምቀት ላይ ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ማስመሰል መከባበርን አያመጣም። የሚያስፈልገው ስለ ሌላው እምነት ከራሱ ከአማኙ መስማት፣ «መናፍቅ» እና «ጣዖት አምላኪ» ከሚሉ ስሞች መቆጠብ ነው። እናት ሁዳዴን ሲጾሙ ልጅ በዚያ ቤት ሥጋ ከመብላት ቢቆጠብ፣ በምግብ ምክንያት ወንድምህን አታሰናክል የሚለውን ሮሜ 14ን ፈጸመ እንጂ እምነቱን አልካደም።

ጊዜ ይፈታዋል ብሎ መተው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአገር ቤትና በውጭ ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ዓመታቱ በራሳቸው ምንም አልፈቱም። እርቁ የመጣው የሁለቱ ወገን አባቶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም ዋሽንግተን ላይ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የተኳረፉ ሁለት አጥቢያዎችን ግን የሚለያያቸው የባጃጅ መንገድ ነው። ማን ቀድሞ ይሂድ ለሚለው ወንጌል ለሁለቱም መልስ አለው፤ ማቴዎስ 18 ተበዳዩን ሂድ ይላል፣ ማቴዎስ 5 ደግሞ ወንድሙ ቅር የተሰኘበትን ሰው መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል።