የሩሲያን የዕፅዋት መድኃኒት መጻሕፍት ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሩሲያኛ የተጻፉ የመድኃኒት ዕፅዋት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ጥሩዎቹም በጣም ጥሩ ናቸው። ሩሲያኛ የሚያነቡም ሆኑ ከሩሲያኛ የተተረጎመ ቅመማ የሚከተሉ ሰዎች ግን ደጋግመው የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ከንቱ ያስቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ።

ሁሉንም መጽሐፍ እኩል ማመን

እ.ኤ.አ. በ1534 የሊዩቤክ ተወላጁ ሐኪም ኒኮላይ ቡሌቭ አንድ የጀርመን የዕፅዋት መጽሐፍ ወደ ሩሲያኛ ተረጎመ። ከዚያ ወዲህ «ትራቭኒክ» እና «ቬርቶግራድ» የሚባሉ የብራና ቅጂዎች፣ በእኛ ዘንድ ዕፀ ደብዳቤ እንደሚገለበጠው ሁሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ ኖሩ፤ ገልባጩም የሚጨምረውን ይጨምራል፣ የሚዘልለውን ይዘልላል። እነዚህ ሕዝቡ ምን ይጠቀም እንደነበር ይነግሩናል፤ መጠን ግን አይወሰድባቸውም።

መጠን የሚወሰደው ከመንግሥት ፋርማኮፔያ፣ ማለትም የመድኃኒት ደረጃ ከሚወስነው የመንግሥት መጽሐፍ ነው። የሶቪየት 11ኛ እትም የመጀመሪያው ቅጽ በ1987፣ ሁለተኛው በ1990 ወጣ፤ የሩሲያ ፌዴሬሽን 14ኛ እትም በ2018። እያንዳንዱ አንቀጽ የላቲን ስሙን፣ የሚወሰደውን የተክል ክፍል፣ በማይክሮስኮፕ የሚታወቅበትን ምልክትና የሚፈቀደውን እርጥበት ይሰጣል። ከ1991 በኋላ ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሽ መጽሔት መሰል መጻሕፍት ግን ብዙዎቹ ምንጭ ሳይጠቅሱ አንዱ ከአንዱ የቀዱ ናቸው። ላቲን ስምና የግራም ልኬት የሌለው መጽሐፍ ለቅመማ አይሆንም።

በሕዝብ ስም ተማምኖ ተክል መግዛት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። «የድብ ጆሮ» የሚባል ተክል በሩሲያ ሁለት ነው። አንዱ ቶሎክንያንካ (አርክቶስታፊሎስ ኡቫ ኡርሲ) ሲሆን ቅጠሉ ለሽንት ቧንቧ ይሰጣል፤ ሌላው ኮሮቭያክ (ቬርባስከም)፣ ማለትም በአገራችን ቀጠጥና ወይም የአህያ ጆሮ የምንለው ተክል ዘመድ ሲሆን አበባው ለሳል ነው። እዚህ ላይ ቢሳሳቱ ቢያንስ ሕመሙ ሳይታከም ይቀራል። «ዢቮኮስት» ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። በሕዝቡ ዘንድ ለስብራት የሚታሰረው ኦኮፕኒክ (ሲምፊተም) በዚህ ስም ይጠራል፤ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ላለው ለዴልፊኒየምም የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሰጡት ስም ይኸው ነው። ኦኮፕኒክም ቢሆን ጉበት የሚጎዱ አልካሎይዶች ስላሉት አይጠጣም።

«ባጉልኒክ»ም ማዕከላዊ ሩሲያ ላይ በረግረግ የሚበቅለው ሌዱም ነው፤ ከባይካል ማዶ ደግሞ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ሮዶዴንድሮን ዳኡሪኩምን ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የት አካባቢ እንደተጻፈ ይመልከቱ። ወደ አማርኛ ሲተረጎምም ጥንቃቄው አይቀርም፦ የሩሲያው «ሩታ» ሩታ ግራቬኦሌንስ ነው፣ የእኛ ጤና አዳም ሩታ ቻሌፔንሲስ። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም።

ናስቶይን፣ ኦትቫርንና ናስቶይካን ማደባለቅ

ናስቶይና ኦትቫር በውኃ፣ ናስቶይካ በአልኮል የሚዘጋጁ ናቸው። ናስቶይካ በጠብታ ይሰጣል፤ በብርጭቆ የሚጠጣው የውኃው ነው። የተለመደው ናስቶይካ ከ1 ድርሻ ተክል 5 ድርሻ፣ ኃይለኛ ከሆነ ተክል 10 ድርሻ ሆኖ ይወጣል።

በ11ኛው ፋርማኮፔያ መሠረት ናስቶይ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ክዳን ባለው ዕቃ 15 ደቂቃ ይሞቃል፣ 45 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ለአበባ፣ ለቅጠልና ለግንድ ነው። ኦትቫር ለሥርና ለቅርፊት ነው፤ 30 ደቂቃ ይሞቃል፣ 10 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። የኦክ ቅርፊትና የቶሎክንያንካ ቅጠል ግን ሳይቀዘቅዙ ወዲያው ይጠለላሉ፤ ከቀዘቀዙ ታኒኑ (አፍ የሚያጨማድደው ንጥረ ነገር) ይዘቅጥና ከአተላው ጋር ይደፋል። ካሞሚልን በእሳት ላይ ማንተክተክ ደግሞ የሚፈለገውን ዘይት በእንፋሎት ማባረር ነው። የአልቴይ (አልቴያ ኦፊሲናሊስ) ሥር ጭራሽ አይሞቅም፤ በቀዝቃዛ ውኃ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ካሞቁት ስታርቹ ይወጣና ሙጫ ይሆናል። የድሮ መጻሕፍት «በምድጃ ውስጥ አሳድር» ሲሉ እየቀዘቀዘ ባለ የሩሲያ ምድጃ ማለታቸው ነው፤ እሳት ላይ መጣድ አይደለም።

1፡10ን በተሳሳተ መንገድ ማስላት

1፡10 ማለት ከ1 ድርሻ ተክል 10 ድርሻ መድኃኒት ማለት ነው፤ 10 የሚለው የሚጨመረው ውኃ ሳይሆን ተጠልሎ የሚገኘው ነው። ደረቅ ተክል ውኃ ይመጥጣል፤ ካሞሚል በግራም 3.4 ሚሊ ሊትር፣ ቫሌሪያን 2.9፣ የኦክ ቅርፊት 2። ከ10 ግራም ካሞሚል 100 ሚሊ ሊትር ለማግኘት 134 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ቫሌሪያን ደግሞ 1፡30 ነው። በፋርማሲ ስሌት «ስታካን» 200 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15፣ የሻይ ማንኪያ 5 ነው። ማንኪያ የፈሳሽ ልክ ይሁን፤ ደረቁን በሚዛን ይለኩ፤ ቀላል አበባና ከባድ ቅርፊት በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም።

ኮማን መዝለል

ሩሲያውያን አሥርዮሽን በኮማ ይጽፋሉ፤ በሐኪም ማዘዣ ላይም የጠጣር ነገር ቁጥር ያለ መለያ ሲመጣ ግራም ነው። ለሳል የሚሰጠው ተክል «ቴርሞፕሲስ 0,5 — 200» ሲባል ግማሽ ግራም ለ200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 0.1 ግራም፣ በቀን 0.3 ግራም ነው። ኮማዋን ያላየ ሰው 5 ግራም ቢጨምር አንድ የሾርባ ማንኪያ 0.375 ግራም ይይዛል፤ ከሙሉ ቀኑ ልክ በላይ፣ በአንድ ጉርሻ። ትውከት ይከተላል።

መርዛሞቹን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት

ላንዲሽና አዶኒስ የሚባሉት ተክሎች የልብ ግላይኮሳይድ፣ ማለትም በልብ ምት ላይ በኃይል የሚሠራ ንጥረ ነገር አላቸው። ኃይላቸው በበቀሉበት ቦታና በተለቀሙበት ጊዜ ስለሚለያይ ፋርማሲ በእንቁራሪት ላይ እየሞከረ ይለካቸው ነበር። ኩሽና ውስጥ ይህ አይቻልም፤ አኮኒት የሚባለው መርዛም ተክልም በማንኛውም መልኩ አይነካም። ዝቬሮቦይ (ሃይፐሪከም ፐርፎራተም) መርዝ ባይሆንም የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃ የዋርፋሪንን፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንን፣ የሳይክሎስፖሪንንና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል፤ ከድብርት መድኃኒት ጋርም አይወሰድም። የሶቪየት ዘመን መጻሕፍት ይህን አይጽፉም፤ ጉዳዩ በደንብ የታወቀው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

በውኃ የተዘጋጀ ማንኛውም መድኃኒት በቀዝቃዛ ቦታ ከ2 ቀን በላይ አይቆይም። በብረት ድስትም አይሠራ፤ ታኒን ከብረት ጋር ይጠቁራል። ኢናሜል ወይም ሸክላ ይጠቀሙ።