የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር፦ ልኮቹን አውቆ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚመረመር

ቶዮታ ከ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ በቪትዝ፣ በያሪስ፣ በፕላትዝ፣ በፕሮቦክስ፣ በኮሮላ ፊልደርና በሌሎችም ትናንሽ መኪኖች ላይ የገጠመው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር በጥንካሬው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ በመንገድ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ብዙ ኪሎ ሜትር የተነዱና ከባለቤት ወደ ባለቤት የተላለፉ በመሆናቸው፣ የሞተሩን ዝና አምኖ መግዛት ወይም ያለ ምርመራ መንዳት አያዋጣም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ያገለገለ መኪና ለሚገዛም ሆነ የራሱን ሞተር ሁኔታ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ሲሆን፣ ምንም መፍታት ከማይጠይቀው ተነሥቶ መሣሪያ ወደሚያስፈልገው ይሄዳል።

1. ልኮቹን አስቀድሞ ማወቅ

ሞተሩ በአንድ መሥመር የተደረደሩ 4 ሲሊንደሮች አሉት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 84.7 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አጠቃላይ ይዘቱ 1,497 ሲሲ ይሆናል። ታናሽ ወንድሙ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ የሲሊንደሩን ስፋት እንዳለ ይዞ ምልልሱን ወደ 73.5 ሚሊ ሜትር ስላሳጠረ ይዘቱ 1,298 ሲሲ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከተጻፈው አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል። 16 ቫልቮች፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ 2 ካምሻፍት የተባሉ ዘንጎች፣ የመግቢያ ቫልቮችን መከፈቻ ጊዜ እንደ ፍጥነቱ የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይ የተባለው ሥርዓት፣ እንዲሁም በጎማ ቺንጋ ፋንታ ካምሻፍቶቹን ከኮሎው (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ የታይሚንግ ካቴና አለው። የእመቃ ምጣኔው (ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን የሚያምቅበት ልክ) 10.5 ለ 1 ነው። ጉልበቱ እንደየመኪናው ዓይነት ከ105 እስከ 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይደርሳል።

እውነቱን ለመናገር የፈረስ ጉልበቱ ለመርማሪው ብዙም አይጠቅመውም። መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች ሌሎች ናቸው፦ ከነፊልትሮው ሲቀየር የሚወስደው ዘይት 3.7 ሊትር ነው፤ የተለመደው የዘይት ዓይነት 5ደብሊው-30 ነው፤ የካንዴላው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ የቫልቭ ክፍተቱ ለመግቢያው ከ0.17 እስከ 0.23፣ ለመውጫው ደግሞ ከ0.27 እስከ 0.33 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው።

2. ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱን መመልከት

መኪናውን በተስተካከለ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ሞተሩም ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ የቆየ ይሁን። ሻጩ መኪናውን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ተመልሰው ይምጡ፤ የዚህ ሞተር ዋና ዋና ምልክቶች የሚሰሙትና የሚታዩት በቅዝቃዜው ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው ያስገቡና እንደገና ያውጡ። መጠኑ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ያፈሳል ወይም ባለቤቱ አይከታተለውም፤ ሦስቱም የሚያሳስቡ ናቸው። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው የውስጡን ብረት በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ቀለል ያለ ቡናማ ቀለም የዕድሜ ምልክት ነው፤ ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ ግን ዘይት ሳይቀየር ለረጅም ጊዜ መነዳቱን ያሳያል። ይህ ለዚህ ሞተር ከሌሎች ይልቅ ይብሳል፤ ምክንያቱም የካቴናው መወጠሪያም ሆነ ቪቪቲ-አይ የሚሠሩት በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ የዘይቱ መንገዶች ሲጠብቡ ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። ወደ ቪቪቲ-አይ በሚሄደው መሥመር ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በዝቃጭ መደፈኗ የተለመደ ነገር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን ወንፊቷ ሳትታይ ውድ የሆነው የዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይለወጣል።

በዚያው አጋጣሚ ከሞተሩ ውጪ የዘይት ርጥበት ያለባቸውን ቦታዎች ያስሱ። ከቫልቮቹ ሽፋን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ከዘይት ግፊት ስዊቹና ከፊት ለፊቱ የታይሚንግ ሽፋን አካባቢ የሚወጣ ላብ የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀላሉ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ብዙ ነገር ስለሚያስፈታ በዋጋ ድርድር ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

3. በቅዝቃዜው አስነሥቶ ማዳመጥ

ኮፈኑን ከፍተው አንድ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሣ ያድርጉ፤ እርስዎ ግን ካቴናው ባለበት፣ በውጪው ቺንጋ በኩል ቆመው ያዳምጡ። ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ለቅጽበት የሚሰማ ድምፅ ችግር አይደለም። የብረት መንቀጫቀጭ ለጥቂት ሰከንዶች ከቀጠለና በየጠዋቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ካቴናው ተስቧል፣ ወይም መወጠሪያው ደክሟል። ካቴና አይለወጥም የሚለው አባባል ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ዘይቱ በጊዜው ለተቀየረለት ሞተር እውነትነት ቢኖረውም፣ ለተጎሳቆለው ግን አይሠራም።

ጥርጣሬውን በስህተት ማንበቢያ መሣሪያ ማጥራት ይቻላል። ፒ0016 የተባለው ቁጥር የኮሎውና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አለመጣጣሙን ሲናገር፣ ፒ0011 እና ፒ0012 ደግሞ የመግቢያ ካምሻፍቱ ከታዘዘው መቅደሙን ወይም መዘግየቱን ያመለክታሉ። ድምፅ ከሌለና የኋለኞቹ ብቻ ከታዩ በመጀመሪያ ዘይቱን፣ ወንፊቷንና የመቆጣጠሪያ ቫልቩን ይፈትሹ፤ ድምፁና ፒ0016 አብረው ከመጡ ግን ካቴናውን ከነመወጠሪያውና ከነመንሸራተቻዎቹ መቀየር ይሻላል። ካቴናውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን መወጠሪያ መተው ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

4. ሚኒሞውን መመርመር

ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) መርጋት አለበት። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ወይም ማርሽ ሲገባ ሊጠፋ የሚቃጣው ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በጥላሸት የተሸፈነ የትሮትል በር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) ነው። ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል፤ በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀሰው ዓይነት ላይ ግን በሩን በጣት በኃይል መግፋት አይገባም፣ ከጽዳቱም በኋላ ሚኒሞው እስኪረጋ ጥቂት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። መንቀጥቀጡ ወጥ ካልሆነና አንድ ሲሊንደር የማይሠራ ከመሰለ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካሉት ቁጥሮች የትኛው እንደተመዘገበ ያንብቡ፤ የመጨረሻው አኃዝ ሲሊንደሩን ይነግራል። የዚያን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጠው ሲያስነሡ ቁጥሩ ኮይሉን ተከትሎ ከተዛወረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካልተዛወረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም የነዳጅ መርጫውን ይመልከቱ።

5. የማቀዝቀዣውን ክፍል መፈተሽ

ሲሊንደሮቹ ያሉበት ብሎክም ሆነ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ስለሆኑ ሙቀት መብለጥን አይታገሡም። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መክፈት አደገኛ ነው። ውሃው ዝገት የያዘ ወይም ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ፣ አለዚያም ከቅዝቃዜው ተነሥቶ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሲሠራ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊጠረጠር ይገባል። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው የውጪ ቺንጋ መሆኑን ማስታወስም ይጠቅማል፤ ይህ ቺንጋ ከተበጠሰ ባትሪ መሙላትም ማቀዝቀዝም በአንድ ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ የባትሪው መብራት በርቶ እያለ «እስከ ቤት ያደርሰኛል» ብሎ መንዳት ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

6. የዘይት ፍጆታውን መለካት

ዘይት መብላት ዕድሜው የገፋ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ዋና ሕመም ነው። መንሥኤው ብዙ ጊዜ የዘይት ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ዘይት ጠራጊ ቀለበት) ቀዳዳዎች በጥላሸት መዘጋት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሲሊንደሩ ግድግዳ መጠረግ የነበረበት ዘይት እዚያው ቀርቶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በፍጥነት ላይ ሳለ ያለማቋረጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ወደ ፋሻው ይጠቁማል፤ ረዘም ላለ ጊዜ በሚኒሞ ከቆየ በኋላ ቤንዚን ሲሰጠው ብቻ የሚወጣው ደግሞ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ ወደሚያግዱት የቫልቭ ጎማዎች።

ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው 1,000 ኪሎ ሜትር ይንዱና ወደዚያው ምልክት ለመመለስ የጨመሩትን መጠን ይለኩ። አምራቾች በአብዛኛው እስከ 1 ሊትር ድረስ እንደ ተቀባይነት ያለው ቢያዩትም፣ ይህ ለአምራቹ የሚመች ለጋስ ወሰን ነው፤ ግማሽ ሊትር የሚበላ ሞተር ያለው ሰው የመለኪያ ዘንጉን በየሳምንቱ ሊመለከት ይገባል። ወደ ከባድ ጥገና ከመግባትዎ በፊት ግን ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ጭስ ወደ መግቢያው የሚመልሰውን ትንሽ ቫልቭ ነቅለው ይንፉበት። አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊያልፍበት ይገባል፤ ከተዘጋ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ዘይቱ በየማሸጊያ ጎማው በኩል ይገፋል። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

7. እመቃውን በመሣሪያ መለካት

ሞተሩን ያሙቁ፣ የነዳጅ መርጫዎቹንና የኮይሎቹን ሶኬቶች ይንቀሉ፣ 4ቱንም ካንዴላዎች ያውጡ፣ መለኪያውን በየተራ ይግጠሙ፤ ከዚያም የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ በሞተሪኖ ያሽከርክሩ። ጤናማው ልክ 1,471 ኪሎ ፓስካል፣ ዝቅተኛው ወሰን 1,079 ሲሆን፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ98 መብለጥ የለበትም። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ፦ ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፣ ካልተለወጠ ደግሞ ጥፋቱ የቫልቮቹ ወይም የጓርኒሲዮኑ ነው።

4ቱም ከወሰኑ በታች ከወረዱ ጥገናው የሚያዋጣ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በአሉሚኒየሙ ውስጥ የተቀበሩት የብረት እጅጌዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ብሎኩም ተፍቆ ትልቅ ፒስተን እንዲቀበል ታስቦ አልተሠራም፤ በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ሌላ ሞተር መግጠም ነው። እዚህ ላይ ለፕሪየስ የተሠራውን 1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢ በስህተት እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ። የሲሊንደሩ ስፋትና ምልልስ አንድ ዓይነት ሲሆን ከውጪም ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን እርሱ የተሠራው ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጋግዞ እንዲሠራ ስለሆነ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ የማስፋፊያ ምጣኔው 13 ለ 1፣ ካምሻፍቱም የተለየ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በብሎኩ ላይ የተቀረጸውን መለያ ጠርገው ያንብቡ።